እህቴንና ሁለት የጊኒ ቋንቋዎችን ፍለጋ

ከስዊዘርላንድ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ተራራው ነው። በረዶውን አየኸው ወይ? ሐይቁስ እንደሚባለው ነው? ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ተራራውን ያየሁት በባቡር መስኮት ነው፤ እሱንም ግማሹን መንገድ እንቅልፍ ጥሎኝ አምልጦኛል። ሐይቁን በተመለከተ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ያን ያህል አልደነቀኝም። ስለዚህ እዚያ የመሄድ ዕድሉም ሐሳቡም ለሌላችሁ የምጽፈው ይህ ማስታወሻ ስለ አገሩ ውበት ብዙ የሚለው የለም። ስለ ሰዎቹ ነው የማወራው።

የሄድኩበት ጉዳይ ሁለት ነበር። ቪዛ ያሰጠኝ ዙሪክ ላይ የተጠራ የቋንቋ አጥኚዎች ስብሰባ ነው። እኔ ሐዋሳ ላይ ቋንቋ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬንም የፈጀሁት በኦሞ ወንዝ ዙሪያ የሚነገሩ ትናንሽ ቋንቋዎች የማን ዘመድ ናቸው እያልኩ በመከራከር ነው። የዙሪኩ ስብሰባ ደግሞ ስለ ምዕራብ አፍሪካ ነበር። ጊኒ ውስጥ ሪዮ ኑኔዝ የሚባለው ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ምቡሉንጊሽና ምቦቴኒ የሚባሉ ሁለት ቋንቋዎች ይነገራሉ። የቋንቋ ቤተሰባቸው እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምድናቸው ግን እንደ እኛዎቹ አልለየለትም፤ እኔም የተጠራሁት የአገሬን ነገር ለማነጻጸሪያ እንዳቀርብ ነው።

ሁለተኛውን ጉዳይ ለቪዛ ሰዎች አልነገርኩም። ታላቅ እህቴን ሙሉነሽን ወደ ቤቷ ልመልሳት ነበር የሄድኩት። እትዬ ሙሉ ወጣትነቷን ጄኔቭ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ነው የጨረሰችው። አሁን ያለችበት ቤተሰብ፣ እንዳጋጣሚ ጊኒያዊ የዲፕሎማት ቤተሰብ፣ በክረምቱ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። የመኖሪያ ካርዷ የታሰረው ከአሠሪዎቿ ጋር ነው። እነሱ ሲሄዱ ወይ ቶሎ ሌላ ቤት ታገኛለች፣ ወይ ከአገሩ ትወጣለች። ይህን በስልክ ስትነግረኝ እሷን ለማጽናናት ድምፄን ዝቅ አደረግሁ እንጂ በልቤ ደስ ብሎኛል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሐዋሳ ያለው ቤቷ፣ ከሚስቴና ከልጆቼ ጋር ብኖርበትም፣ ጎድሎብኛል። እሑድ እሑድ በረንዳው ላይ ብቻዬን ስቀመጥ የሚናፍቀኝ የሷ ድምፅ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጄኔቭ ደረስኩ። እትዬ ሙሉ የሌላ ሰው በሚመስል ትልቅ ካፖርት ውስጥ ሆና ቆማ ነበር። በስልክ መስኮት የማውቀው ፊቷ ነው፤ ቁመቷ ግን አጥሮ አገኘሁት። አቅፌያት ብዙ ቆየሁ። ስንላቀቅ ቦርሳዬን ልትቀበለኝ ታገለች፣ እኔም አልሰጥም ብዬ ታገልኩ።

«ጉዞው እንዴት ነበር? በጣም ደክሞህ ይሆናል።»

«ደህና ነበር።»

«ምግቡስ? የጾም ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ስለ አየሩ አወራን። አየሩ እንዲህ ነው፣ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከእህቴ ጋር ስለ አየር ለማውራት ይህን ሁሉ አገር ማቋረጤ ገረመኝ።

የወሰደችኝ ሻትሌን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር ነው፤ እንደ ኮንዶሚኒየማችን ያለ፣ ግን ልብስ የተሰጣበት በረንዳ የማይታይበት። እዚያ እንደ እሷ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ተሰባስበው ለእረፍት ቀናቸው የተከራዩት ቤት አለ። ቤቱን የምትጠብቀው ዘነበች የምትባል ጓደኛዋ ናት። ዘነበች ክፍሏን ለእኔ ለቃ እሷ ጎረቤት ሄዳ እንደምታድር የሰማሁት ሻንጣዬን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ይሄ አይሆንም ብዬ ተነሳሁ።

«ወንድሜ፣ ቁጭ በል» አለችኝ። «የሙሉ ወንድም መጥቶ ሶፋ ላይ አስተኛችው ተብዬ እሑድ እነዚህ ሴቶች ፊት ልቆም ነው?»

ምስር ሠርታ ነበር። እጅ የሚያስቆረጥም ምስር። ጄኔቭ ውስጥ ያየሁትን ነገር ሁሉ ስረሳ የዘነበችን ምስር አልረሳም።

ከምሳ በኋላ ብቻችንን ስንቀር የመጣሁበትን ነገር ፈራ ተባ እያልኩ አነሳሁ። የእናታችንን ክፍል ቀለም እንዳስቀባሁ፣ መስኮቱን እንዳስጠገንኩ፣ ከፈለገች ትንሽ ሥራ ልትጀምርበት የምትችል ቦታ በግቢው እንዳለ ነገርኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በጥሞና ሰማችኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «በእውነት ብዙ ደከማችሁልኝ።»

ሰዓቷን አይታ ማዳም ትጠብቀኛለች ብላ ተነሳች። እህት ለወንድሟ እንደ ባዕድ ሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ካለች ደህና ነገር የለም አልኩ በልቤ። ሰኞ ከመሄዴ በፊት ቁርጧን እንደምትነግረኝ ግን ቃል አስገባኋት።

ሐሙስ በባቡር ወደ ዙሪክ ተጓዝኩ። ባቡሩ ባለ ፎቅ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ሰፋፊ ወንበሮች አግኝቼ ተደላድዬ እንደተቀመጥኩ ቲኬት ተቆጣጣሪዋ መጣችና በጣም ጨዋ በሆነ ፈገግታ ያለሁት አንደኛ ማዕረግ መሆኑን ነገረችኝ። ሻንጣዬን እራሷ ይዛ ታች ድረስ አወረደችኝ። እንዲህ ባለ ክብር ተባርሬ አላውቅም።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ የማያልፈኝ ነገር አየሁ፤ ሙያዬ ነውና። ከጄኔቭ ስንነሳ በድምፅ ማጉያው መጀመሪያ የሚመጣው ፈረንሳይኛ ነበር። መሃል ላይ፣ ምንም ድንበር ሳይታየኝ፣ ጀርመንኛው ቀደመ። እኛ ጋ ከሻሸመኔ ወደ ታች ስትወርድ ቋንቋው ሲለወጥ ጆሮህ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ መንገድ ዳር የሚሸጠው ነገር፣ የሴቶቹ አለባበስ፣ የሾፌሩ ዘፈን ሁሉ አብሮ ይለወጣል። እዚያ ግን ላሞቹም፣ ጣሪያዎቹም፣ የሰዎቹም ዝምታ ያው ነው። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከጋዜጣቸው እንኳ ቀና ሳይሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሻገሩ።

ዙሪክ ያረፍኩት ሽዋመንዲንገን በሚባል ሰፈር፣ ሐዋሳ የጎረቤታችን ልጅ የሆነችው ሰናይት ቤት ነው። ሰናይት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። በሩን የከፈተችልኝ ትንሿ ልጇ ሶልያና ነበረች። ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣

«አጎቴ፣ ሹኤ አውልቅ፣ ቢተ» አለችኝ። «ማማ ፑትሰን አድርጋለች።»

ወለሉ መጽዳቱን ለመረዳት ጀርመንኛ አላስፈለገኝም፤ ያበራል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ልጅቷ እራት ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «አንተ ቋንቋ ዶክተር ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «ቋንቋ ክራንክ ይሆናል?» አለች። መታመሙን ነው። አንዳንዴ ይታመማል አልኳት። «መርፌ ትወጋለህ?» ስትለኝ እናቷ በሳቅ ፈነዳች።

ዓርብ ስብሰባው ተጀመረ። እንግዲህ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳችሁ። ሁለት ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸውን የምናውቀው በቃሎቻቸው መመሳሰል ብቻ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊትና ሙቀጫ እንደሚዋዋስ ቋንቋም ቃል ይዋዋሳል። ሙቀጫህ እኔ ቤት ስለተገኘ ወንድሜ አትሆንም። ስለዚህ የተወረሰውን ከተዋሱት መለየት ነው ሥራው፤ አድካሚም፣ የሚያጣላም ሥራ ነው።

የእነዚህ የሁለቱ ነገር ደግሞ በስም የጀመረ ስህተት አለበት። በዚያ የባሕር ዳርቻ ባጋ የሚባሉ ሌሎች ሕዝቦች አሉ። ምቡሉንጊሽና ምቦቴኒ ተናጋሪዎችም ባጋ ስለሚባሉ ቋንቋቸው ለረጅም ጊዜ አብሮ ተቆጠረ። ቀርቦ ያየው ሰው ግን የሌሎቹ ባጋዎች ቋንቋ ዘመዶቹ ወደ ሴራሊዮን በኩል መሆናቸውን፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ለብቻቸው መሆናቸውን አገኘ። ከዚያ ከጎረቤታቸው ከናሉ ጋር አዳበሏቸው። አሁን ደግሞ ሁለቱ እርስ በርስ እህትማማች ናቸው፣ ከናሉ ጋር ያላቸው ነገር ግን ያጠራጥራል የሚሉ በዙ። ይህ ሁሉ ሲሆን በአገራቸው ልጆቹ ሱሱ የሚባለውን ትልቁን ቋንቋ እየተናገሩ ያድጋሉ። እኛ ዘመድ ፍለጋ ስንከራከር ባለቤቶቹ እያለቁብን ነው።

ለምሳ የቀረበው ሁሉ አይብ ነበረው። ሾርባው ላይ አይብ፣ ሰላጣው ላይ አይብ፣ ዳቦው ውስጥ አይብ። ሁዳዴ መሆኑን ለአስተናጋጇ ለማስረዳት ሞከርኩ። ገብቷት ይሁን አዝናልኝ አላውቅም፣ የተቀቀለ ድንች ብቻ በትልቅ ሳህን ሞልታ አመጣችልኝ። ያን ድንች ይዤ የተቀመጥኩት አቶ ሞሞ አጠገብ ነው።

አቶ ሞሞ የምላቸው እኔ ነኝ፤ እዚያ ሁሉም ሞሞ ብቻ ነው የሚላቸው፣ እኔ ግን ሽበታቸውን እያየሁ አፌ እምቢ አለኝ። ምቦቴኒ ተናጋሪ ናቸው። ለስብሰባው የተጠሩት ቋንቋቸውን እንዲናገሩ ነው። ወጣት ሆነው መጥተው ቪንተርቱር በሚባል ከተማ በነበረ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የአገሩን ሴት አግብተው ነበር፤ ሞተችባቸው። ልጆቻቸው የሚያውቁት ጀርመንኛ ብቻ ነው። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ቋንቋቸውን ከማን ጋር እንደሚናገሩ ጠየቅኋቸው።

«ጢሜን ስላጭ» አሉኝ። «ወንድሜ በሕይወት ሳለ በስልክ ነበር። አሁን መስታወቱ ውስጥ ላለው ሽማግሌ ነው የማወራው። እሱም ብዙ አይመልስም።»

ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት አንድ ቅሌት ደረሰብኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ስላለቀብኝ በማለዳ ተነስቼ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረድኩና ማሽኑ ባዶ መሆኑን አይቼ ሸሚዞቼን ከተትኩ። ለካስ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀን አለው። አንዲት ቀጭን ባልቴት ዘንቢላቸውን ይዘው መጡና ማሽኑን፣ እኔን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀን ድልድል ተራ በተራ አዩ። ጎንበስ ቀና ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በአማርኛ። ምንም አላሉኝም። ከስብሰባ ስመለስ ግን ሸሚዞቼ በሰናይት በር እጀታ ላይ ተተኩሰው ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። ሰናይት፣ «እዚህ ቤት ስኖር ስንት ዓመቴ፣ እኔን እንኳ ሰላም ብለውኝ አያውቁም» ብላ ተገረመች።

የዚያን ቀን ስብሰባ ያለቀው በሰሌዳ ፊት ነው። የዘር ሐረጉን ስንሥል ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቅርንጫፍ እንዲሆኑ ብዙ አልተጣላንም። ቅርንጫፉን ከትልቁ ግንድ ጋር ስናገናኘው ግን ግማሹ በሙሉ መስመር ይሁን አለ፣ ግማሹ ጭራሽ ይቆረጥ አለ። በመጨረሻ ያጠራጥራል ለማለት በነጠብጣብ መስመር ተስማማን። የኦሞ ቋንቋዎቻችንም በብዙ መጽሐፍ ላይ እንዲያ በነጠብጣብ ስለሆነ የተንጠለጠሉት የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። አቶ ሞሞ ከኋላ ሆነው ሰሌዳውን ሲያዩ ቆይተው፣ «ስትጨርሱ እኔ ማን እንደሆንኩ በስልክ ብትነግሩኝ» አሉን።

እየወጣን ሳለ ነው የእህቴን ነገር ያነሳሁት። የአሠሪዋ እናት የሆኑ እማማ ማሪያማ የሚባሉ አሮጊት አብረዋቸው እንደሚኖሩ፣ የዚያ የባሕር ዳርቻ ሰው መሆናቸውን፣ ሱሱና ሌላ «የድሮ ቋንቋ» እንደሚችሉ ሙሉ አጫውታኝ ነበር። አቶ ሞሞ የደረጃውን መደገፊያ ያዙ።

«የየት መንደር ሴት ናት?»

ለሙሉ ደወልኩላት፤ እሷም አሮጊቷን ጠየቀች። ምቡሉንጊሽ ተናጋሪ ናቸው። የመንደራቸውን ስም ስነግራቸው አቶ ሞሞ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ።

«እነዚያ!» አሉ። «እሺ። ነገ ከአንተ ጋር እመጣለሁ።»

እሑድ ጠዋት ዙሪክ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ሳገኛቸው ነጭ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ከላይ ወፍራም የክረምት ጃኬት ደርበዋል። እኔ መንገዱን ሙሉ የሚሆነውን አስባለሁ። እህትማማች ናቸው ያልናቸው ሁለት ቋንቋዎች፣ ሁለት ብቸኛ ሰዎች፣ አንድ ክፍል ውስጥ! ደግሞም በዚያ ክፍል ውስጥ እህቴ አለች።

ሙሉ የምትሠራበት ቤት ስንደርስ የቤቱ ሰዎች ቀኑን ሊያሳልፉ ወጥተው ነበር። ማዳም እንግዳ እንዲመጣ ፈቅዳለች። ሙሉ ለአሮጊቷ የሚወዱትን የቅጠል ወጥ በሩዝ ሠርታለች፤ አንዱን ድስት በዓሣ፣ አንዱን ለእኔ ያለ ዓሣ። እማማ ማሪያማ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በሚያምር ጨርቅ አስረው ይጠብቁ ነበር። ደቃቃ ናቸው። ዓይናቸው ግን የሚያመልጠው የለም።

አቶ ሞሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጡ፤ ረጅም ሰላምታ ነበር። ለመስታወት ሲነገር የኖረ ነገር ሁሉ ወጣ። አሮጊቷ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ በራሳቸው መለሱ። አቶ ሞሞም አዳመጡ። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው አያለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ የአንዱ ቃል በሌላው ፊት ላይ ብልጭ ሲል አይቻለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልሆነም። ዝምድናው ሩቅ ነው፤ ሰው ከሰው አያግባባም። ሁለቱም ዝም አሉ። አሮጊቷ እጃቸውን ተመለከቱ። የእኔ ሰሌዳ፣ የእኔ ሐረግ፣ ያ ሁሉ ክርክር በዚያች ዝምታ ውስጥ ምንም አልጠቀመም። አዘንኩ።

አቶ ሞሞ ያን ጊዜ ከኪሳቸው ትንሽ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ፈቱት፤ አንድ ጭብጥ ሩዝ ነው። እሱን አሮጊቷ ጭን ላይ ወርወር አደረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሱሱ አንድ ነገር ተናገሩ።

ሙሉ ይዛው የነበረውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ሰደቧቸው!» አለችኝ በአማርኛ። «ታዴ፣ ሰውየው እኮ ሰደቧቸው! ሆዳም ነው ያሏቸው!»

ሙሉ ሱሱ አትናገርም። ስድቡን ግን ታውቃለች፤ አሮጊቷ ድስቱ ሲያርርባቸውና አሳንሰሩ ሲዘገይባቸው የሚሉትን ስትሰማ ነው የኖረችው። እማማ ማሪያማ ከወንበራቸው ሊነሱ ትንሽ ቀራቸው። ጣታቸውን ቀስረው እጥፉን መለሱ። ሙሉ ጆሮዋን ያዘች።

«ሌባ አሏቸው። አባታቸውንም... ኧረ በማርያም!»

እንግዲህ እኛ ምን እናውቃለን? ሁለት ሽማግሌዎች ፊታችን ተሰዳደቡ። ሐበሻ ምን ያደርጋል? ተነሳሁና አቶ ሞሞ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። «ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ለእኔ ሲሉ ይተዉት፣ ጥፋቱ ያመጣሁዎ የእኔ ነው» እያልኩ ግማሹን በፈረንሳይኛ ግማሹን በአማርኛ እለምናለሁ። ሙሉ በበኩሏ የአሮጊቷን ትከሻ እየሳመች «እማማ፣ ይቅር ይበሉ፣ ፓርዶን፣ እማማ» ትላለች። እኛ በለመንን ቁጥር እነሱ ይብስባቸዋል። አቶ ሞሞ እላዬ ላይ ዘንበል ብለው ይጮኻሉ፤ አሮጊቷም ሙሉን በእጃቸው ገፋ አድርገው ይመልሳሉ። ድንጋይ ተሸክሜ ልንበረከክ ምንም አልቀረኝም፤ ሳሎኑ ውስጥ ድንጋይ ባይጠፋ።

ቀና ስል አሮጊቷ እያለቀሱ ነው። ደግሜ ሳይ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ድምፅ አጥቶ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። አቶ ሞሞም ሆዳቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ተዘርረዋል።

በኋላ አቶ ሞሞ አስረዱን። የእሳቸውና የአሮጊቷ መንደሮች ከጥንት ጀምሮ የሚሰዳደቡ መንደሮች ናቸው። ሲገናኙ ሆዳም፣ ሌባ፣ የእኛ አገልጋይ መባባል ግዴታቸው ነው፤ የሚቀየምም የለም።

«ሰላምታ ብቻ ሰጥቻት ብሄድ ኖሮ» አሉ አቶ ሞሞ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ባዕድ አድርጎ ቆጠረኝ ብላ ነበር የምታዝነው። እዚህ አገር ሁሉም ያከብራታል። ልጇ ያከብራታል፣ ሐኪሙ ያከብራታል። የሚሰድባት ሰው ካየች ስንት ዘመኗ!»

እማማ ማሪያማ ሩዟን ከጭናቸው ላይ አንድ በአንድ ለቅመው መልሰው ቋጠሯት። ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ ጨምረው በሉ፤ ሙሉ እንዲህ ሲበሉ አይታቸው አታውቅም። አቶ ሞሞም በጨመሩ ቁጥር ሆዷን እዩ እያሉ ያሳዩናል። ሙሉ መጀመሪያ አብራን ስትስቅ ነበር። በኋላ ግን ሳህን ላጥብ ብላ ማድ ቤት ገብታ በጣም ቆየች። ተከትያት ስገባ ቧንቧው ተከፍቶ ውኃው ባዶ ገንዳ ላይ ይወርዳል፤ እሷ መስኮቱን ታያለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እነዚህ ሰዎች ታድለዋል» አለችና ሳህኑን አነሳች።

ሰኞ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ። ለልጆቼ ቸኮሌት፣ ለሚስቴ ሻርፕ፣ ለእኔ ሹራብ ገዝታ በሥርዓት ጠቅልላ አምጥታለች። ሻንጣዬን ካስረከብኩ በኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«እንግዲህ ቁርጥሽን ንገሪኝ» አልኳት።

«አልመጣም» አለች። «ዘነበች አንድ ቤተሰብ አግኝታልኛለች። አንተን ግን አስቸገርኩህ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ክፍሉንም አስቀብተህ፣ መስኮቱንም...»

«ይቅርታ አትበይኝ!»

እንዲያ እጮኻለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰው ዞሮ አየን።

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«እውነቱን! እኔ ወንድምሽ ነኝ። እዚህ የሰው ወለል እየወለወልሽ ለማርጀት የፈለግሽበትን ምክንያት ንገሪኝ!»

ፊቷ ተለወጠ። ከልጅነታችን ወዲህ ያላየሁት ፊት ነው።

«እውነቱን ነው የምትፈልገው? ለእማዬ ተዝካር የመጣሁ ጊዜ ትልቁን አልጋ ለእኔ ለቀቃችሁ። ሳህን ላጥብ ስነሳ ሚስትህ ቀማችኝ፤ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ አለችኝ። ስትጣሉ በሩን ዘግታችሁ ነበር የምትጣሉት፣ እኔ እንዳልሰማ! ስለ አጥሩ ከታናሽ ወንድማችን ጋር መኳረፋችሁን የሰማሁት እዚህ ተመልሼ ከሰው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ 'አንቺ ደፋር፣ ዞር በይ' ያለኝ የለም። በገዛ እናቴ ቤት እንደ ሊቀመንበር አስቀመጣችሁኝ!»

«እኛ እኮ አክብረንሽ...»

«አታክብሩኝ! ማን አክብሩኝ አላችሁ? እዚህም እንግዳ ነኝ፤ ግን እዚህ እንግዳ መሆኔን አውቄ ነው የገባሁት። እዚያ ስሆን ነው የሚያመኝ።»

ተናድጃለሁ፤ እሷ ላይም፣ እኛ ላይም፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ላይ። ያ ንዴት ነው ያናገረኝ።

«ታዲያ ነይና ተጣይን!» አልኳት። «ነይና ሚስቴን ተጣያት! እኔንም ተጣይኝ! የምትጣዪበት ነገር አታጪም! ስለ አጥሩም ገና አልታረቅንም፤ ነይና ግቢበት! ስልክ ላይ ቁጭ ብለሽ አየሩ እንዴት ነው እያልሽ ከምታደርቂኝ!»

አንድ የአየር ማረፊያ ሠራተኛ ደህና ናችሁ ወይ ሊል ጠጋ ብሎ፣ ፊታችንን አይቶ ተመለሰ። ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። የሳቀችም፣ ያለቀሰችም መሰለኝ።

«ሂድ፣ ያመልጥሃል» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። አልሳመችኝም። ደህና ግባም አላለችኝም። ካፖርቷ በሩ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ስመለከታት ቆየሁ።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ሳምንታት አለፉ፤ ሙሉ ዝም አለች። ስደውል አታነሳም። ዙሪክ ላይ የሣልነው ሐረግ ከነነጠብጣቡ በኢሜይል ደረሰኝ። አቶ ሞሞ ሳምንት እየዘለሉ እሑድ እሑድ ጄኔቭ እንደሚመላለሱ ዘነበች ነገረችኝ። ስለ እህቴ ስጠይቃት ግን «እሷው ትንገርህ» ብላ ዘጋችብኝ። በረንዳው ላይ ስቀመጥ ያን ጩኸቴን እያሰብኩ ያለችኝንም አንድ እህት በገዛ አፌ አጣኋት እላለሁ። ናፍቆት ከጸጸት ጋር ሲሆን አያስተኛም።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። እንደምን ከረማችሁ የለ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው የለ፣ አየሩ የለ።

«አንተ ደረቅ» አለችኝ። «ያን ቀን ያልነገርኩህ አለ።»

ጀመረች። የአጥሩን ነገር አነሳች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። የእማዬን ሳጥን ለማን እንደሰጠሁት ጠየቀች፤ ማን ፈቀደልህ አለች። ልጆቼን ስድ አደረግኋቸው አለች። የሚስቴንም ጥፋት አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። ከሠርጌ ዕለት ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ አወረደችብኝ፤ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ድረስ። ሚስቴ ከቤት ወጥታ ማን ነው እንዲህ የሚጮኽብህ ብላ በምልክት ጠየቀችኝ። እንባዬን ስታይ ደነገጠች።

ትንፋሽ ስትወስድ ጠብቄ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ዝም በል» አለችኝ። «ገና አልጨረስኩም።»